ጋሼ ይመር የደበቋቸው ጣሳዎች

ጋሼ ይመር ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የነገረችኝ ድሮ ሸዋ ሮቢት አብራኝ ትሠራ የነበረች የጽሕፈት ሠራተኛ ናት። የደወለችው ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ እሱን ጨርሳ ልትሰናበተኝ ስትል፣ «እኔ የምለው፣ የጋሼ ይመርን ሰማህ አይደል?» አለችኝ። እንዲህ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ምንጊዜም ያልሰማው ነው።

«መቼ?» አልኩ።

«ኧረ ቆየ! እኔማ ትመጣለህ ብዬ ስጠብቅህ ነበር።»

ወቀሳዋን ትታልኝ ዘጋች።

በሕይወቴ ብዙ አዋቂ አጋጥሞኛል፤ ገሚሱን በመጽሐፍ፣ ገሚሱን በስብሰባ። አዋቂ የሚባል ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ነገር ይነግረኛል፤ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ግን ሳልጠይቀው የነገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሳቸውም ስምንተኛ ክፍልን ያልጨረሱ የገጠር መሬት ቀያሽ ነበሩ።

ጋሼ ይመር ረጅም፣ ቀጭን፣ የላብ ፎጣ ከአንገታቸው የማይለይ የይፋት ሰው ናቸው። እርምጃቸው ሰባ አምስት ሳንቲሜትር ነው። ይህን የማውቀው ራሳቸው ስለሚናገሩ ነው፤ ሌላው ሰው ዕድሜውን እንደሚናገረው። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት አስፋልቱ ዳር ካለው አንድ የኪሎ ሜትር ድንጋይ እስከሚቀጥለው ድረስ እየቆጠሩ ይሄዳሉ። ባለሱቆቹ ለምደዋቸዋል። «ዛሬስ ስንት ወጣ፣ ጋሼ?» ይሏቸዋል። «አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ አንድ። ስምንት ጨመርኩ። እያረጀሁ ነው» ይላሉ። ምን ሊረባቸው እንደሆነ አንድ ቀን ስጠይቃቸው፣ «ሰው ሲያረጅ እርምጃው ያጥራል። ማጠሩን ሳላውቅ ከለካሁ የሚያጥረው የሰው መሬት ነው» አሉኝ።

እኔ የደጋ ልጅ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሸዋ ሮቢት ስመደብ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ትምህርቴ አልነበረም።

«ስትመጣ ሹራብህን የት ላይ አወለቅክ?»

«ደብረ ሲና» አልኩ።

«ጥሩ ነው፣ ትለምዳለህ። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ሹራብ ለብሶ ገብቶ እዚህ መናኸሪያ ደርሶ የሚያወልቅ ሰው በሦስተኛው ወር ዝውውር ይጠይቃል።»

እውነቱን ለመናገር ሹራቤን ያወለቅኩት ሮቢት መናኸሪያ ነበር። ዝውውር የጠየቅኩት በአራተኛው ወር ነው፤ ስለዚህ አንድ ወር ስተዋል። «ደገኛው» የሚል ስም ያወጡልኝም እሳቸው ናቸው።

ጊዜው ከሚሌኒየሙ በዓል በኋላ ያለው ነው። ሥራችን ከሥሩ እየተለወጠ መሆኑ በየስብሰባው ይነገረን ነበር፤ በእኛ የመሬት መሥሪያ ቤት ከሥሩ የተለወጠው የጠረጴዛዎቹ አቀማመጥ ነው። ከተለወጠው ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር፣ ሰኞ በመጣ ቁጥር እትዬ ፋጡማ ይቀመጣሉ። ባላቸው ሞቶባቸው ሮቢ ወንዝ ዳር ባለው ማሳ ሽንኩርትና ማሾ እያመረቱ ይኖራሉ። በማሳው ጠርዝ ሦስት ትልልቅ የማንጎ ዛፎች አሉ፤ ፍሬውን ጀውሃ ወስደው መኪና ላይ ላለ መንገደኛ ይሸጣሉ። ኑሯቸው ይበልጡን እሱ ነው። ታዲያ አንድ ክረምት ደራሽ ውሃ መጣና በእሳቸውና በጎረቤታቸው በሰይድ መካከል የነበረውን የድንበር ድንጋይ ይዞት ሄደ። ድንጋዩ ከሌለ የሚጠየቀው ደብተሩ ነው፤ የይዞታ ማረጋገጫው አረንጓዴ ደብተር። በደብተሩ ስፋት ከተሄደ ሦስቱ ማንጎዎች የሰይድ ይሆናሉ። እትዬ ፋጡማ ደብተሩ ስህተት ነው ይላሉ። ሁለት ክረምት ሙሉ የተሰጣቸው መልስ አንድ ነው፦ «ማሽኑ ይመጣል።»

ማሽኑ በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ነው። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ጂፒኤስ ሲመጣ የጠፋው ድንጋይ የት እንደነበረ ይነግረናል ብሎ ያምን ነበር። ጋሼ ይመር ብቻ፣ «ማሽን ያለበትን ያውቃል እንጂ የነበረውን በምን ያውቃል?» ይሉ ነበር። እኛ ደግሞ የቀያሽ ቅናት ነው እንል ነበር።

በመጨረሻ ሻጩ ሦስት ዓይነት ናሙና ከአዲስ አበባ ይዞ መጣ። ከሦስቱ አንዱን መርጠን አሥራ ሁለት ልንገዛ ነው። አንደኛው ባለ ቀለም ስክሪን ነው፤ ሲከፈት ዜማ ያሰማል፣ ውስጡም ካርታ አለው። ካርታው የሌላ አገር ስለሆነ ሸዋ ሮቢትን ስንፈልግ ባዶ ቢጫ ሜዳ ነው ያሳየን፤ ቢሆንም ቢጫው ያምር ነበር። ሁለተኛው መካከለኛ ነው፤ እንደ መካከለኛ ነገር ሁሉ ዛሬ መልኩ ትዝ አይለኝም። ሦስተኛው ግራጫ፣ ወፍራም፣ የድሮ ሬዲዮ የሚመስል፣ ስክሪኑም ጥቁርና ነጭ ነው። ኃላፊያችን ባለ ቀለሙን አንዴ ከያዘው በኋላ አልለቀቀውም። ከእኔ በሁለት ዓመት የሚበልጥ፣ ልበ ቀና፣ ግን ግምገማ በሕልሙ የሚመጣበት ወጣት ነበር።

ጋሼ ይመር ሻጩ ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ስንት ይስታል?» አሉት።

«ምኑ፣ ጋሼ?»

«ማሽኑ ነዋ። እዚህ ነህ ሲለኝ፣ ከእውነተኛው ቦታ ስንት ይርቃል?»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ በሳተላይት ነው የሚሠራው።»

«ሳተላይቱስ ስንት ይስታል?»

ሻጩ ወደ ኃላፊያችን ዞሮ ፈገግ አለ። «አባት፣ እንኳን ሌላ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ አይበላሽም።»

«ማሻአላህ። የት ላይ እንደወደቀ ሲጠየቅስ ስንት ይስታል?»

ሻጩ ናሙናዎቹን ለሁለት ሳምንት ትቶልን ሄደ። የሄደው ለእኛ አዝኖ ሳይሆን ከጋሼ ይመር ለማምለጥ ይመስለኛል።

እሑድ ዕለት ጋሼ ይመር ብቻቸውን አምስት የቲማቲም ድልህ ጣሳ በከረጢት ይዘው ወጡ። አምስት ቦታ ደበቋቸው፤ በየቦታው ሦስቱንም ማሽን በየተራ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ እያንዳንዱ የሚሰጠውን የቦታ ቁጥር በደብተራቸው ያዙ። ሰኞ እኛን በሦስት ቡድን ከፍለው ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ማሽንና የጣሳዎቹን የቦታ ቁጥር ሰጡን። አንዱ ቡድን ጣሳው ያለበትን ለሌላው እንዳይነግር፣ እስላም ክርስቲያኑን ሳይለዩ ሁላችንንም ወላሂ አስባሉን። ለእኔ ባለ ቀለሙ ደረሰኝ።

የመጀመሪያው ጣሳ ሜዳ ላይ፣ ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የግራር ቁጥቋጦ ሥር ነበር። ማሽኑ ደርሰሃል ሲለኝ አራት እርምጃ ብቻ ነው የቀረኝ። ጣሳው ውስጥ ከረሜላና በጋሼ ይመር የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ወረቀት አለ፦ «ስምህን ጻፍ። ማሽኑ ደርሰሃል ካለህ ቦታ እስከዚህ ስንት እርምጃ እንደሆነ ጻፍ። ከረሜላውን ውሰድ፤ ጣሳውን እንደነበረ መልስ።» በኩራት ጻፍኩ።

ሁለተኛውን ፍለጋ ማንጎ ለማንጎ ስዞር ቆይቼ፣ ማሽኑ ዜማውን አሰምቶ ደርሰሃል ያለኝ የሰው የሽንኩርት መስኖ ቦይ መሐል እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ገብቼ ሳለሁ ነው። የማሳው ባለቤት አካፋቸውን ተደግፈው ያዩኛል።

«ምን ጠፋህ፣ ልጄ?»

«ጣሳ።»

«የምን ጣሳ?»

«የቲማቲም።»

ሰውየው ማሽኑንም፣ ጫማዬንም አዩ። «ይቺን ብልጭልጭ ይዘህ፣ ከመንግሥት ቤት ተልከህ፣ ባዶ ጣሳ ልትፈልግ?»

ጣሳው የተገኘው ከቦዩ አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ርቆ፣ የአንድ ማንጎ ግንድ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ያገኙትም ሰውየው ናቸው፤ ከረሜላውንም ወሰዱ። ሦስተኛው በሮቢ ወንዝ ዳር ከገደል ሥር ነበር። እዚያ ማሽኑ አንዴ ወንዙን ተሻገር፣ አንዴ ተመለስ እያለኝ ፀሐዩ አናቴን ሲያፈላው ቆየና፣ ተቀምጬ ከረሜላ ስበላ ጣሳው ላይ መቀመጤን ደረስኩበት።

ከዓመታት በኋላ ፈረንጆች ይህንኑ ነገር ለመዝናኛ እንደሚያደርጉት አነበብኩ። ሣጥን ደብቀው ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ይለቃሉ፤ ሌላው በጂፒኤስ ፈልጎ ያገኛል፣ ስሙን ይጽፋል፣ መልሶ ይደብቃል። ለዚህ ጨዋታ የትኛው ጂፒኤስ ይሻላል የሚለውን የሚያማክሩ ጽሑፎችም አሉ፤ አብዝቼ ስለማነብ እነሱንም አነበብኳቸው። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ ካርታው ብዙ ይላሉ። አንዳቸውም ቢሆኑ ለጋሼ ይመር የሚበቃ መልስ አልነበራቸውም።

የሁላችንም ወረቀት ሲሰበሰብ ውጤቱ አጭር ነበር። ሜዳ ላይ ሦስቱም ደህና ናቸው። ዛፍ ሥርና ገደል ሥር ሦስቱም ይስታሉ። ጋሼ ይመር ግራጫውን አነሱት።

«ይሄን ግዙ» አሉ።

«እንዴ! እሱም ሳተ እኮ» አለ ኃላፊያችን።

«ሳተ። ግን ተመልከት፣» ፎጣቸውን ወደ ትከሻቸው ገፉና ስክሪኑን አሳዩት፤ «ገና ሲከፈት ከቁጥሩ ሥር ‹አሥር ሜትር ልስት እችላለሁ› ብሎ ጽፏል። ሜዳ ላይ ስወስደው ደግሞ ‹አራት› ይላል።»

«ባለ ቀለሙም ይናገራል፤ ውስጥ ገብተው ሦስት አራት ቦታ ከተጫኑ ያገኙታል።»

«ፋጡማ ውስጥ ገብታ ትፈልገው?»

«ጋሼ ይመር፣» አለ ኃላፊያችን በልመና ድምፅ፣ «ገበሬው ፊት እሳሳታለሁ የሚል ማሽን ይዘን እንዴት እንወጣለን? እምነት እናጣለን።»

«አሁን ማን አመነንና?»

የግዥ ኮሚቴው አባላት ሦስት ነበርን፦ ኃላፊያችን፣ በባለሙያነት ጋሼ ይመር፣ በጸሐፊነት እኔ። በዚያ ዘመን ግለ ሂስ የማያደርግ ሠራተኛ አልነበረም፤ በየጊዜው ተራ በተራ እየተነሳን «የጊዜ አጠቃቀሜን አላሻሻልኩም» እንል ነበር። ስህተቱን ከነመጠኑ ግንባሩ ላይ ጽፎ የሚዞር ነገር ሲመጣልን ግን ሁለት ለአንድ ጣልነው። ሁለተኛው እጅ የእኔ ነው። ያን ሳምንት ግምገማ ነበረብኝ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ቢኖረኝ እዚህ እጽፈው ነበር።

ጋሼ ይመር አልተቆጡም። ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርመው፣ «በል ደገኛው፣ የፋጡማን ማሳ መቼ ነው የምንወጣው?» ብቻ አሉኝ።

አሥራ ሁለቱ ማሽኖች እንደ ደረሱ የእትዬ ፋጡማ ማሳ የመጀመሪያው እንዲሆን ተወሰነ። የቀበሌው ሰው ተጠራ። ኃላፊያችን ሥርዓቱን አስረዳ፦ ማንጎዎቹን ወደ ውስጥ አድርገን ማሳውን በማሽኑ እንዞረዋለን፤ ስፋቱ ደብተሩ ላይ ካለው ከበለጠ ማንጎዎቹ የሰይድ ናቸው፣ ካልበለጠ የእትዬ ፋጡማ። ማሽኑን ይዤ የምዞረው እኔ ነኝ። ዞርኩ። ዜማው ተሰማ። በለጠ።

እትዬ ፋጡማ ነጠላቸውን አጥብቀው ማሽኑን አዩት። «ማንጎውን የተከልኩት በዚህ በእጄ ነው። ያኔ ይሄ ሳተላይት የት ነበር?»

«አንድ ጊዜ ይደገም፤ ዙህር ሰግደን እንመለሳለን» አሉ ጋሼ ይመር።

ከዙህር በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው እርምጃ ዞርኩ። አነሰ።

ሰይድ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ማሳውን ከአባቱ የወረሰ ቁም ነገረኛ ሰው። «ከዙህር በፊት የእኔ፣ ከዙህር በኋላ የእሷ ሆነ?» ሲል ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊያችን ላቡን እየጠረገ፣ «አማካዩን እንውሰድ» አለ።

«አማካዩማ ማንጎው ግንድ ላይ ነው። ልንፈልጠው ነው?» አለ ሰይድ።

ጋሼ ይመር የእትዬ ፋጡማን አረንጓዴ ደብተር ከኃላፊያችን እጅ ወሰዱ። ሰው እስኪረጋጋ ጠበቁ።

«ማሽኑን ተዉት» አሉ። «ማሽኑ የሚመሳከረው ከዚህ ጋር ነው። ይሄ ደግሞ ስህተት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስቱን ጎን በገመድ ለካሁ። በወንዙ በኩል ያለውን አራተኛውን ጎን እዚያ ሾላ ጥላ ሥር ተቀምጬ በዓይኔ ገምቼ ጻፍኩ።»



«ረመዳን ነበር እኮ፣ ጋሼ። አስታውሳለሁ። ጾመው ነበር» አለ ሰይድ።

«ጾሙን አትጥራብኝ። በጾም ስንት ማሳ ለክቻለሁ። ሞቀኝ፣ ደከመኝ፣ ገመትኩ።»

እትዬ ፋጡማ ቀስ ብለው ቀረቧቸው። «ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ሰኞ በመጣ ቁጥር እዚያ ግቢ ተቀምጬ ያዩኝ ነበር።»

«አይሽ ነበር።»

«ሰላም ብለውኝ ያልፉ ነበር።»

«አልፍ ነበር። ምናልባት ማሽኑ ሲመጣ ያለ እኔ ያስተካክለው ይሆናል ብዬ ነበር።»

«ስንት ይስታል?» የሚለው ጥያቄ ከየት እንደመጣ የገባኝ ያኔ ነው። ያን ሁሉ ጣሳ የደበቁት፣ ያን ሁሉ ሰው ያሯሯጡት፣ የእሳቸውን ግምት የሚያርም ማሽን ሲፈልጉ ነው። እንደማይገኝ ያወቁት ደግሞ ከሁላችን ቀድመው ነው። ለዕውቀት ሲሉ ነው ብዬ ሳደንቃቸው ከርሜአለሁ። እውነቱን ካወቅኩ በኋላ አድናቆቴ ቀነሰ፤ ወደድኳቸው።

ከከረጢታቸው ሁለት ጣሳ አወጡ። «ሰይድ፣ ፊትህን ወደ አስፋልቱ አዙር። እናንተም ሁላችሁ። ፋጡማ፣ ድንጋዩ ነበረ የምትዪበት ላይ ይሄን ቅበሪ። አፈሩን መልሰሽ ደምድሚው፤ ምልክት እንዳትተዪ።» ሕዝቡ በሙሉ፣ ኃላፊያችንም ጭምር፣ ለእትዬ ፋጡማ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። እሳቸው ሲጨርሱ በተራቸው ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዞሩና ሁለተኛው ጣሳ ለሰይድ ተሰጠው። ሰይድ ትንሽ ወዲህ ወዲያ አለ፤ ከዚያ ማጭዱን አፈሩ ውስጥ ሲሰካ ሰማነው።

ሁለቱም ጣሳዎች ሲወጡ ጋሼ ይመር መካከላቸውን በእግራቸው ለኩት። ሁለት እርምጃ። ሁለቱም ከማንጎዎቹ ወዲያ፣ በሰይድ በኩል ናቸው፤ ማንጎዎቹ በእትዬ ፋጡማ በኩል ቀሩ።

«ልጅ ሆኜ እዚያ ድንጋይ ላይ ቢላ እስል ነበር፤ እንዴት እረሳዋለሁ?» አለ ሰይድ፣ ሰው ሁሉ ሲያየው ጊዜ።

«ታዲያ ሁለት ክረምት ምን አፍህን ያዘው?» አሉት እትዬ ፋጡማ።

«ደብተሩ ሌላ ይላላ! መንግሥት የለካውን እኔ ልሽር?»

እትዬ ፋጡማ ሊቆጡ ጀምረው ተዉት። ሁለቷ እርምጃ የማን ትሁን ሲባል ግን ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ «ቦይ ይውጣባት። ለሁለታችንም ውሃ ታወርዳለች።» ሰይድ እሺ አለ። ጋሼ ይመር ጻፉት።

የመጣውን መዘዝ አስቀድሜ ልናገር። በሚቀጥለው ግምገማ ጋሼ ይመር ከቀያሽነት ተነስተው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ፤ ጡረታ የወጡትም ከዚያው ነው። እኔም ብዙ ሳልቆይ ዝውውሬ መጣልኝ። ከእሳቸው ጋር ካሳለፍኩት ሁሉ ግን ቶሎ ቶሎ የሚመጣብኝ ከማሳው በተመለስን ማግስት፣ ሪፖርቱን ስጽፍ የሆነው ነው። ኃላፊያችን «ችግሩ በዘመናዊ መሣሪያ ተለክቶ ተፈታ» ብለህ ዝጋው ብሎኛል። ጋሼ ይመር ደግሞ ግምታቸውን ከነሾላው የጻፉበትን ወረቀት ይዘውልኝ መጡ።

«ጋሼ፣» አልኳቸው፣ «ይቺን ትቼ ልለፋት? ጉዳዩ አልቋል። ሁለቱም ተስማምተዋል። ለእርስዎ መጥፎ ነው።»

«ከዚያስ ፋጡማ ሁለት ክረምት የተመላለሰችው በማን ጥፋት ሊባል ነው? በጎርፉ?»

ጻፍኩት። ግን «በወቅቱ በነበረው ከፍተኛ የሥራ ጫና ምክንያት አንደኛው ጎን በግምት ተሞልቷል» ብዬ አለዘብኩት። መነጽራቸውን አድርገው ቁጭ ብለው አነበቡት። መልሰው አነበቡት። ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡና «በወቅቱ በነበረው ከፍተኛ የሥራ ጫና ምክንያት» የሚለውን አንድ ባንድ ሰረዙት። ከላዩ ላይ «ሞቆኝ፣ ጥላ ሥር ተቀምጬ» ብለው ጻፉ። «ተሞልቷል» የሚለውንም ሰርዘው «ሞላሁት» አሉት። ፈረሙ።

«ተሰራርዟል፤ በንጹህ ልገልብጠው» አልኳቸው።

«ተወው» አሉ፣ ወረቀቱን ወደ እኔ እየገፉ። «በንጹህ ከተገለበጠ ያንተ ቃል ይመስላል።»